ገጸ ባህሪው የማን መልክ ነው?

ልቦለድ የሚጽፉ ጓደኞቼ ስልካቸው የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ሞልቶታል፣ ከኢንስታግራም ከፒንተረስት ምናምን ሴቭ እያደረጉ ይሄ አባትየው ነው ይቺ ደግሞ ሚስቱ እያሉ ያሳዩኛል። እኔ ነገሩ አይዋጥልኝም። ሙሉ ፎቶ ፊትህ ከተቀመጠ እኮ በቃ የምትጽፈው ፎቶውን ነው፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ አይኗ ጎላ ያለ እያልክ ትደረድራለህ እንጂ ሰውየው አይንቀሳቀስም። ከእውነተኛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው መውሰድ ባይ ነኝ፣ አረማመዱን በለው፣ ሳል የቀላቀለ ሳቁን በለው፣ ሂሳብ ሊከፈል ሲል ሁሌ ስልክ የሚደወልለት ነገር በለው።

ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ለምሳሌ በስሟ የተጠራው ልቦለዱ ዋና ገጸ ባህሪ የሆነችውን የአና ካሬኒናን መልክ የወሰደው ከገጣሚው ፑሽኪን ልጅ ከማሪያ ሃርቱንግ ነው። ቱላ ከተማ ግብዣ ላይ አይቷት ይቺ ማናት ሲል የፑሽኪን ልጅ ናት አሉት፣ እሱም ቀልቡ የሄደው ማጅራቷ ላይ የተጠቀለለው ጸጉሯ ጋ ነው (ፑሽኪን የኛ ነው ለምትሉ ሰዎች ጸጉሩ ከየት እንደመጣ አልነግራችሁም ሃሃ)። መጽሐፉ ላይ አና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ዳንሱ ቦታ ስትመጣ ያቺ የማጅራት ጸጉር አብራ አለች። አሟሟቷ ግን የሌላ ሴት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1872 መጀመሪያ ላይ አና ፒሮጎቫ የምትባል የጎረቤቱ የቢቢኮቭ ውሽማ ሰውዬው ሌላ ሴት ሲይዝባት ያሴንኪ ጣቢያ ሄዳ ባቡር ስር ገባች፣ ቶልስቶይም ሄዶ ሬሳዋን አይቷል። ጸጉር ከአንዷ ሞት ከሌላዋ፣ ሁለቱንም ግን መጽሐፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አታገኟቸውም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ ደግሞ ሰውን እንዳለ አንስቶ ማስቀመጥ ይወድ ነበር፣ ዴቪድ ኮፐርፊልድ የሚለው ልቦለዱ በየወሩ በክፍል በክፍል እየወጣ እያለ ሚስ ሞቸር የምትባለዋን አጭር ሴት ያነበበች ጎረቤቱ ይቺማ እኔ ነኝ ብላ አዝና ጻፈችለት፣ እሱም ክፉ ሊያደርጋት የነበረችውን ሴት በኋላ ደግ አድርጎ አመጣት። ስታነቡት መጠምዘዙ ያስታውቃል።

የኛው ግን በደብዳቤ አላለቀም። ደራሲው በዓሉ ግርማ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ነበረ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሰው ነው፣ ያየውን አይቶ ኦሮማይ የሚለውን ልቦለድ ጻፈ። 1975 ላይ መጽሐፉ እንደወጣ አንባቢው ይሄ እከሌ ነው ያ ደግሞ እከሌ ነው እያለ ከደርግ ባለስልጣናት ጋር ያገጣጥም ጀመር፣ ከዛ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከስራ ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አንዳንድ ሰው ትንሽ ቢሸፋፍነው ኖሮ ይላል፣ ስም እኮ ቀይሯል! ሰውየውን የሚያውቅ አንባቢ ስም ምን ያደርግለታል።

አሁን ኦሮማይን የሚያነቡ ልጆች ግን እነዛን ባለስልጣናት በመልክም አያውቋቸውም፣ ማን ማን ነበር ብለው ጎግል ሲያደርጉም አላየሁም፣ ወሬያቸው ሁሉ የመጽሐፉ ሴት ገጸ ባህሪ ፊያሜታ ጊላይ ናት፣ ሁሉም ደግሞ የየራሱን ሴት ነው የሚያየው። የኔዋ ፊያሜታ ዩኒቨርስቲ እያለን ላይብረሪ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት፣ በዓሉ መልኳን እንዴትም ይግለጸው አልሰማውም፣ ስሟን ደግሞ ኮመንት ላይ እንዳትጠይቁኝ።