ሁለት ማህተም ያለበት ካርድ

አንዲት የክትባት ካርድ የመንግሥት ሆስፒታል ሥራዬን ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አስቆየችብኝ። ጥፋቱ ግማሹ የመስኮቷ ሴትዮ፣ ግማሹ የራሴው ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «የግድ» የሚባል መስፈርት አለ፣ «ቢኖር ይመረጣል» የሚባልም አለ። የመጀመሪያውን ካላሟላችሁ አትድከሙ። ሁለተኛው ስለጎደለ ግን እንዳትተዉት። እኔ ሁለት ጊዜ በዚህ ፈርቼ ሳላመለክት ቀርቻለሁ፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ማመልከቻ ላይ ደግሞ ይሉኝታ አያዋጣም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ እየሰጠ ነው የሚመርጠው። ያልጻፋችሁትን ገምቶ ነጥብ የሚሞላላችሁ የለም። «ክሊኒክ ሠርቻለሁ» ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ክፍል፣ በአንድ ሺፍት ስንት በሽተኛ፣ ምን ምን ትሠሩ እንደነበር በማስታወቂያው ቅደም ተከተል ጻፉ።

ኢንተርቪው ላይ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር። «በሽተኛ ፊትሽ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። አካባቢው አደጋ እንደሌለው አያለሁ፣ እጠራዋለሁ፣ ሰው እንዲረዳኝ እጮሃለሁ፣ ትንፋሹን አያለሁ እያልኩ በተራ ሄድኩ። አለፍኩ።

ከዚያ ነው ጉዱ።

ማስታወቂያው «የጤና ምርመራና የክትባት ማስረጃ ከተመረጡ በኋላ ይቀርባል» ይላል። አምኜ ተቀመጥኩ። ለካ ከተመረጡ በኋላ ቀኑ ይቆጠራል! ደብዳቤዬ ላይ ሦስት ወር ተሰጥቶኛል። በዚያ ውስጥ ማስረጃው ካልተሟላ ቦታው ለተጠባባቂ ነው። ሦስት ወር ብዙ መስሎኝ ነበር፣ ሞኟ!

ዋናው የሚፈልጉት ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። መፈለጋቸውስ ልክ ነው። ያልተከተበ ሠራተኛን ቫይረሱ ያለበት ደም የነካ መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው። የኤችአይቪ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሁላችንም የምንንቀጠቀጠው ግን ለኤችአይቪው ነው። ክትባቱ ሦስት ዶዝ አለው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ይሰጣል። ከመጨረሻው በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ተጠብቆ ደም ይመረመራል። አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር፣ በላብራቶሪው መለኪያ (mIU/mL) 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዟል ማለት ነው።

ሁለቱን ተማሪ ሆኜ ወስጃለሁ። ሦስተኛው የምረቃ ግርግር ላይ ደረሰና ረሳሁት። ካርዴን ይዤ ወደ ሠራተኞች ጤና ክፍል ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ በሁለት ጣቷ ይዛ ገለበጠችው። ሁለት ሰማያዊ ማህተም፣ አንድ ባዶ ሣጥን።

«ሲስተር፣ ይሄ ተቋርጧል። አይሠራም። እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።»

«ሁለቱን እኮ ወስጃለሁ…»

«አራት ዓመት አልፎታል እያልኩሽ። ቀጣይ!»

የተቋረጠ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመጀመሪያ አይጀመርም። ከቆመበት ይቀጥላል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ደብተሬ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሲቆጣ ግን የተማርኩት ሁሉ ብን አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሷን ከተናደድኩባት በላይ በዚያች «እሺ» እናደዳለሁ።

«አንደኛውን» በዚያው ሳምንት ተወጋሁ። «ሁለተኛውን» በወሩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሦስተኛውና ምርመራው ተደምሮ ሰባት ወር ሊሆን ነው። እንዲያራዝሙልኝ ማመልከቻ አስገባሁ። ፈራሚው መስክ ወጥቷል ተባልኩ። ሲመለስ ስብሰባ ላይ ነው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቦታዬን ተጠባባቂው እንደወሰደው ነገሩኝ።

በስድስተኛው ወር፣ ከጀመርኩት አይቀር ብዬ ለመጨረሻው መርፌ ሄድኩ። ክትባት ክፍል ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ነርስ መነጽራቸውን አውርደው አሮጌውንና አዲሱን ካርድ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አምስተኛ ልትወጊ ነው እንዴ? ምን ልታደርጊበት?»

ሲያስረዱኝ እንባዬ መጣ። መስኮቱ ጋ በሄድኩበት ቀን አንድ መርፌ ብቻ ብወጋና በወሩ ደም ብሰጥ ከተሰጠኝ ሦስት ወር ጊዜ ይተርፈኝ ነበር። አምስተኛውን ተውነው። ደሜን ሰጠሁ፣ ውጤቱ ከ400 በላይ መጣ። በስምንተኛው ወር ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ የላብራቶሪ ወረቀቱን ከማመልከቻው ጋር አያይዤ ነው የገባሁት። «አሁን አያስፈልግም» ብለው ሊመልሱልኝ ነበር። እዚያው ይሁን አልኳቸው።

ስለዚህ «ከተመረጡ በኋላ» የሚለውን አትስሙ። ለማመልከት ባሰባችሁበት ቀን ካርዳችሁን ፈልጉ፣ ከፊትም ከጀርባም በስልክ አንሱት፣ የጎደለውን ተወጉ። መስኮት ላይ «አይሠራም» ሲሏችሁ ደግሞ በትሕትና «በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። ብዙው ሰው እስክሪብቶ ሲያነሳ ሐሳቡን ይቀይራል።

አሁን እዚያው ሆስፒታል ነው የምሠራው። ሴትዮዋም እዚያው መስኮት ላይ ናት፣ ሰላም እንባባላለን። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ ባለሁለት ማህተም ካርድ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ሲወርድ አገኘሁት። እጁን ይዤ መልሼ ወሰድኩት። መመሪያውን እንድታሳየን ጠየቅኳት። እስካሁን እየፈለገች ነው።