ዴይራ፦ ዑድ ተቀብቶ መዋል

የዱባይ የሽቶ ገበያ ዴይራ ውስጥ፣ ከወርቅ ገበያው አጠገብ ሲካት አል ኸይል በሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ ከአል ራስ ሜትሮ ጣቢያ በእግር ይደረሳል። አፈር አፈር የሚሸት የዑድ ቅባት ስፈልግ ስለነበር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰዓቱን የመረጥኩት ዑድ ሱቅ ውስጥ አሽትተው ወዲያው የሚገዙት ነገር ስላልሆነ ነው። ገላ ላይ ቢያንስ አራት አምስት ሰዓት መዋል አለበት። ብዙዎቹ ሱቆች ቀትር ላይ ዘግተው አመሻሽ ላይ ስለሚከፍቱ፣ ጠዋት ተቀብቶ ወደ ማታ ተመልሶ መወሰን ይመቻል።

ሻጩን «ሂንዲ አለ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የሕንድ ዑድ ማለቴ ነው። ዑድ የሚገኘው አኩዊላሪያ ከሚባሉ የእስያ ዛፎች ነው። ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለና ቀላል ነው፤ ዛፉ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ግን ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው የሰረጸበት እንጨት ነው ዑድ የሚባለው። ቅባቱን ለማውጣት እንጨቱን ፈጭተው ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያ እንደ አረቄ ቀቅለው እንፋሎቱን ያጠራቅማሉ። ሂንዲ የሚሉት የአሳም ዑድ በልማድ ለሳምንታት ስለሚዘፈዘፍ ይብላላል፤ የበረት፣ የቆዳና የእርጥብ አፈር ጠረኑ ከዚያ ይመጣል። ካምቦዲ የሚባለው ለስለስ ያለና ወደ በሰለ ፍሬ የሚያደላ ነው። የሚረጩት ባለ አልኮል ሽቶዎች «ዑድ» ቢባሉም አብዛኞቹ ቅምም፣ ማለትም ከሌሎች ሽታዎች የተቀመሙ ናቸው፤ የአፈሩን ጠረን የሚሰጧቸው ፓቹሊ የሚባል ተክል ቅጠል፣ ቬቲቨር የሚባል ሣር ሥርና ናጋርሞታ የሚባል ሌላ ሥር ናቸው። በሽቶ ዋጋ እስከተሸጡ ድረስ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በንጹሕ ዑድ ዋጋ ሲሸጡ ነው።

ከብልቃጡ ክዳን ጋር ያለው የመስታወት ዘንግ ጫፍ የሚይዘው ለአንድ እጅ አንጓ ይበቃል። በአንዱ እጅ አንድ፣ በሌላው ሌላ፤ ከሦስት ዓይነት በላይ አፍንጫ አይለይም። አንጓን ከአንጓ ጋር ማሸት አያስፈልግም፤ ሙቀቱ ቀድሞ የሚተነውን ቶሎ ያበነዋል። ቆዳው ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ዕድሜውን ያራዝመዋል። አፍንጫ ሲደክም የቡና ፍሬ ያቀርባሉ፤ ቡናው ራሱ ሌላ ጠረን ነውና እኔ ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባድ ነው። በረቱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሂንዲን የሚጠላው እዚህ ላይ ነው፣ ይህ ግን ያልፋል። በ1 ድርሃም በአብራ ጀልባ ወደ ቡር ዱባይ ስሻገር የውኃው ነፋስ ጠረኑን አረገበው። የጨርቅ ገበያው ሙቀት ውስጥ ስገባ ደግሞ ተነሣ፤ አሁን የመጣው ግን በረት ሳይሆን የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ያራሰው አፈር ነበር። ይህ ከተቀቡ በኋላ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ የዚህ ዑድ ልብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የጠፋ ይመስላል። ጨምሮ መቀባት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲወጡ እጥፍ ሆኖ ይነሣል፣ አጠገብ የተቀመጠውንም ያስጨንቃል። በ11 ሰዓት ስመለስ በግራ እጄ ላይ ደረቅ እንጨትና ትንሽ ጣፋጭ ሙጫ ቀርቶ ነበር። በቀኙ ላይ የነበረው ዱቄት ሳሙና የሚያስታውስ ነገር ብቻ ሆኗል፤ እሱ ቅምም ነበር።

ቅባት የሚሸጠው በቶላ ነው፤ አንድ ቶላ 12 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ሩብ ቶላ 3 ሚሊ ሊትር። ለጀማሪ ሩብ ቶላ ወራት ይቆያል። ከፕላስቲክ ይልቅ በመስታወት ብልቃጥ አስቀድቶ ከብርሃን ማራቅ ይገባል። እንጨቱን ለሚገዛ፦ ጥሬ ዑድ በቀዝቃዛው እምብዛም አይሸትም፤ ገና በእጅ ሲያዝ የሚያውድ ከሆነ ሽቶ ተነክሯል። በእርጥብ ነጭ ሶፍት ሲታሽ ቀለም ከለቀቀም ተቀብቷል። ከሰል ላይ ሲቀመጥ ዳር ዳሩን ሙጫው አረፋ መሥራት አለበት።

አኩዊላሪያ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ስምምነቱ ለአንድ መንገደኛ ለግል መገልገያ ያለ ፈቃድ የሚተወው 1 ኪሎ ስንጣሪ እንጨትና 24 ሚሊ ሊትር ቅባት ነው፣ ሁለት ቶላ ማለት ነው። አንዳንድ አገር ከዚህ ጠበቅ ያለ ደንብ ስለሚኖረው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅባቱን ነጭ ነጠላ ላይ ማድረግ አይገባም፤ ቡናማው እድፍ አይለቅም። ለልብስ እንጨቱን ማጨስ ይሻላል። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ይጠበቃል፤ ፍም እንደሆነ ከተጨመረበት እንጨቱ ወዲያው ያርና ምሬት ይሸታል። ከዚያ የጥፍር ስፋት ያላት አንዲት ስንጣሪ ጣል ተደርጋ፣ ነጠላው ከፍ ብሎ በጭሱ ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይያዛል። በማግስቱም ሲዘረጋ ይሸታል።