«መሬት ገዛሁ» ያለ ሰው ወሎ ላይ የገዛው ምንድን ነው?

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መኪናውም በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ታሪፍ መሄድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ገጠር የሚደወለው ስልክ አንድ ዓይነት ነበር፦ «እናንተ ዘንድ የሚሸጥ ቦታ የለም?» ከአምስት አባወራ ጋር በአንድ መጸዳጃ ቤት የሚገለገል ተከራይ በዚያን ሰሞን ጓሮ ያለው ቤት ቢመኝ አይፈረድበትም።

ሻጩም አልጠፋም። ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ከዐረብ አገር የሚላከው ብርም ሳስቶ ነበር። 2013 ሲብት ደግሞ አንበጣው ቃሉን፣ ሀብሩንና ራያ ቆቦን ማሽላው እሸት ላይ እያለ ወረደበት። ጎተራው ባዶ የቀረ ገበሬ ደላላ ብር ቆጥሮ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ችግሩ በመካከላቸው የተጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ዛሬ ክርክር የሚያስነሱት አብዛኞቹ የዚያን ጊዜ ወረቀቶች አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ እሱን አውቆ መጀመር ይሻላል።

የኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የገጠር መሬት ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የሕዝብ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህንኑ አጽንቶታል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ የሠራው ቋሚ ንብረት የራሱ ነው ይላል፤ ሊሸጠውም፣ ሊያወርሰውም ይችላል። እንግዲህ ከገበሬ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው ግድግዳው፣ ቆርቆሮውና የተከለው ዛፍ ነው። ከሥራቸው ያለው አፈር ግን አብሮ አይሄድም።

ደላላውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «የመሬት ሽያጭ» ብሎ አይጽፍም። አንዱ ዘዴ የብድር ውል ነው፦ ገበሬው 200,000 ብር እንደተበደረ፣ እስኪከፍል ድረስ ማሳውን አበዳሪው እንደሚጠቀምበት ይጻፋል። አባቶች ወለድ አገድ የሚሉት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ብድሩን የሚመልስም፣ እንዲመለስለት የሚፈልግም አለመኖሩ ነው። ሌላው ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ የአክስት ልጅ ተደርጎ ይቀርባል። ሦስተኛው የቤት ሽያጭ ነው፤ አራት በአምስት ሜትር የሆነች ጎጆ ተጠቅሳ ጥማድ ሙሉ መሬት አብሮ ይታጠራል። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ከርዕሱ ይልቅ ይዘቱ ይታያል፤ ጎጆዋ ያን ያህል ብር እንደማታወጣም ማንም ያውቃል።

በስጦታው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ገበሬው ይዞታውን ለቤተሰቡ አባል በስጦታ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። የቤተሰብ አባል ሲል ግን ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት አብሮ የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ማለቱ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው የአክስት ልጅ እዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም።

ወረርሽኙ ነገሩን ያባባሰው በአንድ በኩል ነው። ቢሮዎች በግማሽ ኃይል ይሠሩ ነበር፤ ፍርድ ቤቶችም በከፊል ተዘግተው ነበር። «አብሽር፣ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት እናስመዘግበዋለን» ተብሎ ሦስት እማኝ ፈርሞ ብሩ ተቆጠረ። ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት የተመለሰ ጥቂት ነው፤ ቢመለስም የሚያስመዘግበው ነገር አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የእማኝ ብዛት ይህን አይተካም።

ውሉ ፈርሶ «ወደ ነበሩበት ይመለሱ» ሲባል ገዢው የሚያገኘው የከፈለውን ብር ነው፤ ብሩ ግን ያው ብር አይደለም። በ2012 ክረምት አንድ ዶላር 35 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መንግሥት ቦታውን ለልማት ቢፈልገውም የመሬቱ ካሳ የሚቆጠረው ገበሬው መሬቱን የያዘበት የይዞታ ደብተር ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ከከተማ ዳር፣ በተለይ ኮምቦልቻና ደሴ ዙሪያ፣ በዚህ መልክ የተሠራው የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ደግሞ የቆርቆሮው ዋጋ እንኳ አይመለስም።

ታዲያ ወሎ ገጠር ቤት የፈለገ የከተማ ሰው ምን ያድርግ? ሁለት የሚያስተማምኑ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያውና እኔ የማስቀድመው፣ ገጠር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነው፦ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ኩታበር፣ ቢስቲማ፣ መርሳ። ማዘጋጃ ቤት ያለበት፣ ቦታው በካርታ የሚታወቅበት ማለት ነው። እዚያ ቤት ስትገዙ ስሙ በሕግ ይዞራል። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጓሮም፣ ንጹሕ አየርም፣ ሐኪም ቤትም በአንድ ላይ ይገኛል። ሻጩ ካርታውን፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የግብር ክሊራንስና የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ ያቅርብ። ካርታውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ከማኅደሩ ጋር አስተያዩት፤ ሻጩ የሰጣችሁን ፎቶ ኮፒ ብቻ አትመኑ። ነባር ይዞታ ከሆነ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ስለዚህ ከቤቱ ዋጋ፣ ከቴምብርና ከስም ማዛወሪያው ሌላ የሊዝ ክፍያ ይጠብቃችኋል። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ስሌቱን ይንገራችሁ።

ሁለተኛው መንገድ የገጠር መሬት ኪራይ ነው፤ ሕጉ ይፈቅደዋል። ዘመኑ በክልሉ አዋጅ ጣሪያ አለው፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። መነሻው የአከራዩ የይዞታ ደብተር ነው። (የአማራ ክልል ይህን ደብተር መጀመሪያ ከሞከረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ገራዶ ነው፤ ደሴ አፍንጫ ሥር። እዚያው ዙሪያ በእማኝ ብቻ መሬት ሲገዛ ማየት ያስገርማል።) ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ፤ ማሳዎቹ ከነአዋሳኞቻቸው በአራቱም ማዕዘን ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ዙር ልኬት በገመድና በግምት ስለነበር ስፋቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለተኛ ደረጃ የተባለው በካርታና በማሳ ቁጥር ስለሆነ የተሻለ ነው። ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው ይባላል እንጂ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ዳገትና ሜዳ ላይ እኩል አይመጣም። ውሉ ላይ በሄክታር ይጻፍ።

ባልየው ብቻውን ከፈረመ ውሉ ግማሽ ነው። ሚስቲቱን ቡና ስታፈላ በር ላይ ቆሞ ማናገር አይበቃም፤ ተቀምጠው «እትዬ፣ ማሳው ይህን ያህል ዓመት በእኛ እጅ ሊቆይ ነው፤ እርስዎስ ፈቅደዋል?» ተብለው ይጠየቁ፣ ራሳቸውም ይፈርሙ። ከዚያ አዋሳኞቹን አንድ በአንድ ዙሯቸው። ድንበሩ ድንጋይ ነው፣ ቁልቋል ነው ወይስ ቦይ? ከአዋሳኞቹ አንዱ «እሱ እኮ የወል ግጦሽ ነው» ካለ እዚያው ላይ ቁሙ። የወል መሬት በግለሰብ ተከራይቶ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኝ በእጃችሁ መኖሩም ይዞታ አያሰጥም፤ የተከፈለው በባለ ደብተሩ ስም ነው።

ውሉ ላይ ከሚረሱት ሁሉ ጠብ የሚያመጣው ዛፍ ነው። ተከራዩ ባሕር ዛፍ ወይም ማንጎ ይተክላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ማን ይቆርጣል፣ ማን ይወስዳል? ይጻፍ። ቤቱ ምን ይሆናል፣ ተነቅሎ ይሄዳል ወይስ በስንት ተገምቶ ይቀራል? ይህም ይጻፍ። ኪራዩ በየዓመቱ ነው ወይስ በቅድሚያ፣ መንግሥት ቦታውን ቢፈልገው የቀረው ዘመን ኪራይ ይመለሳል ወይ? ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ ወረዳ፣ ቀበሌና እናንተ ዘንድ። በ2014 ጦርነት በብዙ የወሎ ወረዳዎች መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወረቀቱ በአንድ ቢሮ ብቻ የነበረ ሰው ከዜሮ ጀምሯል።

ቦታው ራሱስ? ወሎ ተዳፋት ነው። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ማረስም ልቅ ግጦሽም በአዋጅ ክልክል ነው፤ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ እርከን ተሠርቶለት ነው ሰብል የሚዘራበት። በመቶኛው እንዲህ ይለካል፦ አሥር ሜትር ወደ ጎን ሄዳችሁ ስድስት ሜትር ከወረዳችሁ 60 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የመሬት መንሸራተት ነው። የቆዩ ዛፎችን ግንድ ተመልከቱ፤ ከሥሩ ወደ ቁልቁል ዘንበል ብሎ ከወገቡ በላይ ቀና ያለ ዛፍ ብዙ ከሆነ አፈሩ ቀስ እያለ እየሄደ ነው። ከክረምት በኋላ ዳገቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ደረቅ የነበረ ቦታ ላይ ውኃ ከፈለቀ፣ እዚያ ቤት አይሠራም።

ውኃውን በመስከረም አትዩት፤ በመስከረም ሁሉም ምንጭ ሀብታም ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሂዱና 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለኩ። በአራት ደቂቃ ከሞላ በቀን 7,200 ሊትር ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን ስንት ቤትና ስንት ከብት ይጋራዋል? ጣሪያ ላይ የሚወርደውንም አትናቁ፦ ስምንት በስድስት ሜትር የሆነ ቆርቆሮ 48 ካሬ ነው፤ በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ 4,800 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 3,800 ያህል ይጠራቀማል። እንደ ሐርቡና ባቲ ያለ ቆላ ላይ የወባ አጎበር የቤቱ አካል ነው፤ ኩታበር ከሆነ ደግሞ ውርጩን አስቡ።

የቆመ ቤት ስትገዙ ቢላዋ ያዙ። ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ላይ ወጋ አድርጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል፣ ግድግዳው የቆመው በጭቃው ነው። ቆላ ላይ ይህን የሚያደርገው ምስጥ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይበላል፣ ወይራና ጥድ ይቆያሉ። ጣሪያውን ለማየት እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮት ዘግታችሁ ቀና በሉ፤ ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ይገባበታል። የቆርቆሮው ጌጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚሳሳ መሆኑን አትርሱ፦ 35 ከ32 ይሳሳል፣ ደጋ ላይ ነፋስ ያነሳዋል።

አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ጊዜው ጠባብ ነው። ደቡብ ወሎ በልግ አለው፤ የካቲት ላይ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ጭቃ ከጥቅምት እስከ ጥር ማለቅ አለበት፤ ክዳኑም ከምርጊቱ ይቀድማል። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዋልካው አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፣ የድንጋይ መሠረቱም ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይውጣ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ሁለት ሦስት ሳምንት ይቡካ፣ በየጥቂት ቀኑ እየተረገጠ ጭድ ይጨመርበት። ሽታው ከመጣ ደርሷል። በሦስት ቀን ቦክቶ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ግንቦት እርሻ ይተረተራል። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ልስን አታስቀምጡበት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ልስኑ በቅርፊት በቅርፊት ይወድቃል። የጣሪያው ከንፈር ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ።

ከሰፈሩ ጋር መግባባት የሚጀምረው ቅሬ (የወሎ እድር) ውስጥ በመግባት ነው። መዋጮውን በስልክ እየላከ ቀብር ላይ የማይታይ ሰው፣ ድንበሩ በተነካ ዕለት የሚመሰክርለት ያጣል።

በ2012 እና በ2013 በእጅ ወረቀት ብር የከፈሉ፣ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያልደረሰ ሰዎች አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ሌላ ግድግዳ ከማቆማቸው በፊት ከባለ ደብተሮቹ፣ ከባልም ከሚስትም ጋር፣ ተቀምጠው የተከፈለውን ገንዘብ እንደ ቅድሚያ ኪራይ የሚቆጥር፣ ዘመኑ ከአዋጁ ጣሪያ ያልዘለለ አዲስ የኪራይ ውል መጻፍና ወረዳ ማስመዝገብ። ባለ ደብተሩ ሞተው ከሆነ ወራሾቹ መጀመሪያ ደብተሩን በስማቸው ያዛውሩ። ካልተስማሙ የቅሬ ዳኛውን ወይም አበጋሮችን (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎችን) ማስቀመጥ ያግዛል። ሽማግሌ ያስታረቀውም ቢሆን ወረዳው መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ ነገ ልጆቹ ሲያድጉ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል።