በቀኝ መጻፍ የተማረ ግራኝ ወደ ግራ እጁ ሲመለስ

ግራኝ ሆነው ተወልደው በቀኝ እንዲጽፉ የተደረጉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ካደግኩ በኋላ ወደ ግራ እጄ ስመለስ፣ ከጣቶቼ ይልቅ ያስቸገረኝ «ግራ እጅ ነውር ነው» የሚለው ከውስጥ የሚሰማኝ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ከእሱ ጀመርኩ።

አንድ ገጽ ለሦስት ከፈልኩ፦ የተባለው፣ የተባለበት ምክንያት፣ ስለ እኔ ማንነት የሚለው። «በግራ አትብላ» ምክንያት አለው። ግራ እጅ ለመጸዳጃ የሚውል ነው፤ ከአንድ መሶብ ብዙ ሰው በእጁ ሲቆርስ ንጽሕና የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። ስለ እኔ ግን ምንም አይልም። «በግራ አትጻፍ» ለሚለው ግን የምክንያቱ ቦታ ባዶ ሆነ። ስለዚህ መብላቱን፣ መጨበጡንና ማማተቡን በቀኝ ቀጠልኩ፤ መጻፉን ብቻ ለወጥኩ። ሁሉንም ባንዴ የሚጥሉ ሰዎች ከቤተሰብ ይጋጩና መጻፉንም ይተዉታል።

በሃይማኖት በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማቴዎስ 25 ነው፤ በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ። መጽሐፈ መሳፍንትንም ማንበብ ይገባል። በምዕራፍ 3 እስራኤልን ከሞዓብ ያዳነው የጌራ ልጅ ግራኝ ነበር፤ በምዕራፍ 20 ደግሞ በወንጭፍ የማይስቱ 700 ግራኞች አሉ። ከዓለም ሕዝብ 10 በመቶ ገደማው ግራኝ ነው። አመል ወይም እልኸኝነት አይደለም፤ አፈጣጠር ነው።

አሁን ወደ እጁ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ግራ እጅ የጻፈውን እየሸፈነ፣ ቀለሙንም እየጠረገ ይሄዳል። ይህን ለመሸሽ ብዙ ግራኝ አንጓውን ቆልምሞ ከመስመሩ በላይ ይጽፋል፤ አንጓው የሚታመመው ለዚህ ነው። መፍትሔው ወረቀቱ ላይ ነው። ከደረት መሃል ወደ ግራ ፈቀቅ ይደረግና የላይኛው ግራ ጥግ ከፍ እንዲል ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይዘነብላል። እጅ ከመስመሩ በታች ይውላል፣ እርሳሱ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይያዛል። መጀመሪያ ለስላሳ እርሳስ፣ ቀጥሎ ተራ እስክሪብቶ። ጄል እስክሪብቶ ቶሎ ስለማይደርቅ ይቆይ።

ከፊደሎቹ በጣም የሚያስቸግሩት አግድም ያላቸው ናቸው። ተ እና በ ሲጻፉ ቀኝ እጅ አግድሙን ይስባል፤ ግራ እጅ ግን ይገፋል፣ ጫፉም ወረቀቱን ይቧጥጣል። አግድሙን ከቀኝ ወደ ግራ መሳብ ነው። ከመምህሩ የተማርነው አቅጣጫ ለቀኝ እጅ የተመቸ እንጂ ሕግ አይደለም። ለ፣ በ እና ተ በትልቁ፣ ሁለት መስመር እያስያዙ ይጻፉ፤ ክቡን ዐ እና ድርቡን ጨ በኋላ ይደርሱበታል። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ አውራ ጣት ይደርቃል፣ ፊደሉም ይበላሻል።

የባንክ ፊርማ ግን አይነካ! ፊርማው ከተመዘገበው ጋር ስለሚመሳከር፣ ባንኩ ዘንድ እስኪቀየር ድረስ በቀኝ መፈረም ነው።

ከባዱ በሰው ፊት መጻፍ ነው። አንድ ሽማግሌ «በቀኝህ ጻፍ እንጂ ልጄ» ሲሉ እስክሪብቶው ሳናስበው ወደ ቀኝ እጅ ይዞራል። ለዚህ በደረጃ መሄድ ይሻላል፦ ብቻ ሆኖ፣ ከአንድ ወዳጅ ጋር፣ ከዚያ ሥራ ቦታ፣ በመጨረሻ ወረፋ ባለበት ቢሮ ቅጽ መሙላት። መልሱም አጭር ይሁን፦ «ግራኝ ነኝ፣ አባባ።» ክርክር ከተከፈተ አሮጌው እፍረት አብሮ ይመለሳል።

ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ እጁን አትሰሩ፣ አትምቱ። ኳስ በየትኛው እጁ እንደሚወረውር አስተውሉ፤ ግራኝ ከሆነ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ከዴስኩ በግራ ጫፍ እንዲቀመጥ ጠይቁለት፤ መሃል ከተቀመጠ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር እየተጋጨ ጽሕፈቱ ይበላሻል።