ለአደን ጠመንጃ ስንት ኢንች አፈሙዝ ይበቃል?

«ረጅም አፈሙዝ አይስትም» የሚባለው ነገር ከአያቶቻችን ጠመንጃ የተረፈ ነው። ውጅግራ፣ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ በአማርኛ አፍ የተገራው የ1874 ሥሪት፣ አፈሙዙ 82 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ከ32 ኢንች ይበልጣል። ያን ያህል የረዘመበት ምክንያት አለው። ሳንጃ ሲሰካበት ጦር መሆን ነበረበት። ስኮፕም (የማነጣጠሪያ መነጽር) ስላልነበረው የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቁጥር የዓይን ስህተት ይቀንሳል። ዛሬ አጋዘን ለማደን ቦልት ጠመንጃ (መዝጊያው በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ) ገዝቶ ስኮፕ የሚጭንበትን ሰው ከሁለቱ አንዱም አይመለከተውም። ስኮፕ ካለ ርዝመት ጥይቱን ወደ ዒላማው አያቀርበውም፤ የሚጨምረው ፍጥነት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ያ ፍጥነት ስንት ነው? ምንስ ያስከፍላል?» ነው።

ሒሳቡን በ.308 ዊንቸስተር እንሥራው (.308 የእርሳሱ ውፍረት በኢንች ነው)፤ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ጥይት ነው። በተለመደ የ150 ግሬን ካርቶን ላይ (ግሬን የእርሳሱ፣ ማለትም ከቀለሁ ተለይቶ የሚበረው ክፍል፣ የክብደት መለኪያ ነው) ከአፈሙዙ ሲወጣ 2820 ጫማ በሰከንድ የሚል ታገኛላችሁ (860 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው)። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በ24 ኢንች የመፈተሻ አፈሙዝ ነው። የእናንተ 20 ኢንች ከሆነ ካርቶኑ ስለ እናንተ ጠመንጃ እየነገራችሁ አይደለም። .308 ከ24 ወደታች ሲያጥር በእያንዳንዱ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ይቀንሳል፤ መካከሉን 25 ብንይዝ በአራት ኢንች 100 ይጠፋል። ቀሪው 2720 ነው።

100 ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን ያው ካርቶን ላይ ቀጥሎ ያለውን ረድፍ ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለው ጥይት 100 ያርድ ሲጓዝ 2530 አካባቢ ይደርሳል፣ 200 ላይ 2260፣ 300 ላይ 2010። አየሩ ብቻ በመጀመሪያው 100 ያርድ 290 ያህል ይበላበታል። ስለዚህ አራት ኢንች ማሳጠር ማለት ከአጋዘኑ 35 ያርድ ወደ ኋላ ርቆ እንደመተኮስ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ጉዳት የለውም። በ200 ያርድ የተስተካከለ ጠመንጃ 300 ላይ ሲተኮስ በሁለቱ ርዝመቶች መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተንጋደደ ትንፋሽ የሚመጣው ስህተት ከዚህ ይሰፋል።

ፍጥነቱ በእርግጥ የሚፈለገው እርሳሱ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲፈነዳ፣ ማለትም እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ እንዲሰፋ ነው። የተለመዱት የእርሳስና የመዳብ ልባስ ጥይቶች በደንብ ለመከፈት 1800 ጫማ በሰከንድ ገደማ ይፈልጋሉ። ከላይ ባለው ጥይት 24 ኢንቹ እዚያ የሚወርደው 390 ያርድ አካባቢ ሲሆን፣ 20 ኢንቹ ደግሞ 355 አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆኑት ብዙ ጊዜ ከዚያ ከፍ ያለ፣ 2000 ገደማ ይሻሉ፤ በተመሳሳይ አካሄድ የሚበር ከሆነ ገደቡ ወደ 305 እና 270 ይመጣል። እርሳስ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለአደን በታገደባት ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ይህችን ቁጥር ችላ አትበሉ፤ ሠሪው በካርቶኑ ወይም በድረ ገጹ የጻፈውን ዝቅተኛ የመክፈቻ ፍጥነት አይታችሁ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ደጋ አጋዘን በሚታደንበት የባሌና የአርሲ ተራራ፣ 3000 ሜትር ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚያ በ20 ኢንች የተተኮሰው 200 ያርድ ላይ ሲደርስ፣ ባሕር ዳርቻ በ24 ኢንች ከተተኮሰው ፍጥነቱ አያንስም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል። ለተራራ ረጅም አፈሙዝ ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ይህን አይቆጥሩትም።

እስካሁን ያልኩት ግን የ.308 ነው። ለሌላው ጥይት እንዳለ ብትገለብጡት ያሳስታችኋል። ኢንቹ የሚያዋጣው ወይም የማያዋጣው በሁለት ነገር ጥምርታ ነው፤ ቀለሁ በሚይዘው ባሩድና ጋዙ በሚነፋበት ቀዳዳ ስፋት። .243ን ውሰዱ፤ የ.308 ቀለህ አንገቱ ጠቦ የተሠራ ነው፣ ባሩዱም ይቀራረባል። የቀዳዳው ስፋት ግን የ.308ን 62 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ኢንች ርዝመት ለጋዙ የሚሰጠው ቦታ በዚያው ልክ ስላነሰ፣ ሲያጥር የሚጎዳው ይበልጣል። .243ን ከ22 በታች አልመክርም። .30-06 እና .270 ዊንቸስተርም 22 ላይ ጥሩ ናቸው። በተቃራኒው አሮጌው .30-30 ትንሽ ባሩድ ስለሚይዝ ባለ 20 ኢንቹ ካርቢን (አጭር ጠመንጃ) ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ቅሬታ ሠርቷል።

የባሰው ማግነም፣ ማለትም ብዙ ባሩድ የሚይዘው ኃይለኛ ጥይት ነው። የ180 ግሬን .30-06 በ24 ኢንች 2700 ገደማ ሲወጣ፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም በተመሳሳይ እርሳስ 2960 ይወጣል። 260 ጫማ በሰከንድ ጨመረ ማለት ነው፤ የማግነምን ዋጋና እርግጫ የምትከፍሉት ለዚህ ነው። አፈሙዙን 20 ኢንች ስታደርጉት ከ35 እስከ 40 በየኢንቹ እያጣችሁ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ትሰጣላችሁ፤ እርግጫው፣ ጩኸቱና የባሩዱ ወጪ ግን ይቀሯችኋል። ማግነም የሚገዛ 24ን ዝቅተኛ፣ 26ን ትክክለኛ ርዝመት አድርጎ ይያዝ። በአጭር አፈሙዝ ማግነም የሚሸጡ ካምፓኒዎች አሉ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች «ለአጭር አፈሙዝ ፈጣን ባሩድ ቀይሩ» ሲሉ ትሰማላችሁ። በተግባር በ24 ኢንች ትልቁን ፍጥነት የሰጠ ባሩድ በ20ውም አብዛኛውን ጊዜ ይመራል። ፈጣኑ ባሩድ የሚቀንሰው ከጫፉ የሚወጣውን ነበልባል ነው።

ስለ አለመሳት እንመለስበት። አጭር አፈሙዝ በተፈጥሮው ይጠነክራል። ውፍረቱ ሳይለወጥ ከ24 ወደ 20 ቢያጥር፣ ጫፉ ላይ ላረፈ እኩል ጫና የሚጎብጠው በ1.7 እጥፍ ያነሰ ነው፤ ጉብጠቱ ከርዝመቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ። ሲተኮስ የሚርገበገበውም በዚያው ያንሳል። ይህ ማለት አጭሩ የግድ ጥይቶቹን ዒላማ ላይ ይበልጥ አቀራርቦ ያሳርፋል ማለት አይደለም፤ ረጅሙ ይሻላል የሚለው ግን መሠረት የለውም።

ክብደትን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ያነሰ ነው የምታተርፉት። ጫፉ 0.6 ኢንች የሆነ ቀጭን የአደን አፈሙዝ አንድ ኢንቹ 27 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አራት ኢንች ቢቆረጥ 110 ግራም ገደማ፣ ከአምስት ጥይት ብዙም የማይበልጥ። ለውጡ የሚሰማው በመሸከም ሳይሆን በማዞር ነው። 22 ኢንች አፈሙዝ ያለው ቦልት ጠመንጃ በጠቅላላው 42 ኢንች፣ 107 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ፔንሲልቫኒያ ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ማማ ተቀምጣችሁ፣ አጋዘኑ በግራ ትከሻችሁ በኩል ብቅ ሲል የማማውን መደገፊያ ብረት ሳትመቱ ማዞር የምትችሉትን ርዝመት እቤት ወለል ላይ ወንበር አስቀምጣችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሱቅ ቆማችሁ ስታነሱት ሁሉም ጠመንጃ ይመቻል።

አሁን ወደ ጩኸቱ። አንድ ምት ከ140 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ጆሮን በአንዴ ሊጎዳ ይችላል፤ የአደን ጠመንጃ ደግሞ ያለ ድምፅ ማፈኛ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ነው። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ጋዙ ገና ግፊቱ ሳይበርድ፣ ያውም ለፊታችሁ ቀርቦ ይወጣል። የጨርቅ ማድፈጫ (አዳኝ የሚደበቅበት ድንኳን) ውስጥ ለምትቀመጡ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ጫፉ ከመስኮቱ ውጭ መውጣት አለበት። 16 ኢንች አፈሙዝ ይዞ ወደ ኋላ ተቀምጦ የሚተኩስ ሰው ጫፉን ውስጥ ያስቀራል፤ ድንኳኑ በሙሉ ጩኸቱን መልሶ ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ከጎኑ ልጁን ወይም ጓደኛውን ካስቀመጠ ደግሞ የባሰ ነው። የእርግጫ መቀነሻ ብሬክ ካለበት ማድፈጫ ውስጥ ጭራሽ አትተኩሱ።

ድምፅ ማፈኛ ለመግጠም ካሰባችሁ ምርጫው ሁሉ ይለወጣል። ማፈኛው ራሱ ከ6 እስከ 9 ኢንች ይጨምራል፤ በ24 ኢንች ላይ 7 ሲጨመር 31 ይሆናል፣ ተመልሳችሁ ውጅግራ ያዛችሁ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በማፈኛ ላይ የነበረው የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ጀርመን ያላችሁ አዳኞች ከ2020ው የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ነገሩ ቀሎላችኋል። ለማፈኛ የ.308 ምርጫዬ 18 ኢንች ነው። እዚህ ላይ የሚያጋጥም ችግር ግን አለ። ለ.30 የተለመደው የብሎን ጥርስ አምስት ስምንተኛ ኢንች በ24 (በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ነው፤ ይህም 0.625 ኢንች ውፍረት ነው። ቀጭን አፈሙዝ ጫፉ 0.6 ከሆነ ጥርሱን ማውጣት አይቻልም፣ ማፈኛው የሚደገፍበት ትከሻም አይኖረውም። አፈሙዝ ወደ ኋላ እየወፈረ ስለሚሄድ ሲያጥር ያ ውፍረት ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉንና ልትቆርጡ ያሰባችሁበትን ቦታ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለኩ።

ሕጉ አሜሪካ ውስጥ ግልጽ ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ካነሰ አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአለካኩ ነው፤ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል ከሚወጣበት ቦታ ጀምሮ ይለካዋል። ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ዓይታችሁም በጣታችሁም ዳስሳችሁም አረጋግጡ፤ ቦልቱን ዝጉ፤ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከጫፉ አስገብታችሁ የቦልቱን ፊት እስኪነካ ግፉት፤ በአፈሙዙ ጫፍ ትክክል ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ አውጡና ለኩት። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል አብሮ ይቆጠራል። በእጅ የሚፈታ ብሬክ አይቆጠርም፤ በብየዳ ለዘለቄታው የተጣበቀ ይቆጠራል። 16 ላይ ልክ ማድረግ ቂልነት ነው፤ ሲቆረጥ ቶርኖው (የብረት መቁረጫ ማሽኑ) ላይ አንድ ፀጉር ያህል ቢሳሳት ወንጀል ይሆናል። 16 ከሩብ አስቀሩ።

ረጅሙን ገዝቶ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ለባለሙያ ግን ስጡት። በሴጌቶ መቁረጥ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጫፉን ማስተካከል ነው፤ ምክንያቱም እርሳሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካው ብረት እሱ ነው፣ በአንድ ወገን ቀድሞ ከለቀቀው ጋዙ በዚያ በኩል ሾልኮ ያንጋድደዋል። አፈሙዙ ቶርኖ ላይ ሲታሰር በውጭ አካሉ ሳይሆን በውስጥ ቀዳዳው መሐል ተይዞ መታረም አለበት፤ ቀዳዳው ሁልጊዜ መሐል ላይ አይደለምና። ከመቆረጡ በፊት ዘይት የነካው ጨርቅ ውስጡ ይወተፋል፣ የብረት ብናኝ ወደ ጎርሱ እንዳይወርድ። አንዳንድ በእጅ የተወለወሉ አፈሙዞች ወደ ጫፉ በትንሹ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ያን ጠባብ ክፍል ስትቆርጡ ጥራቱንም ልትቆርጡ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ሠሪውን ጠይቁ። የፊት ማነጣጠሪያ ካለው አብሮ ይሄዳል።

ሥራውን ስትረከቡ የጆሮ ጥጥ ያዙ። ከውስጥ ወደ ውጭ በጫፉ ዙሪያ ጎትቱት፤ የጥጡ ክር የትም ላይ ከተያዘ ቡርር (ሻካራ የብረት ጠርዝ) ቀርቷል፣ መልሱለት። ከአምስት ጥይት በኋላ ደግሞ ጫፉ ላይ ጥላሸት እንደ ኮከብ ይሣላል። ጨረሮቹ እኩል ከሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ ወገን ከረዘመ ጫፉ ዘንብሏል። አዲሱ ጫፍ ቀለም የሌለው ብረት ስለሆነ ከዝናብ ቀን በኋላ በዘይት አብሱት። ስኮፑን እንደገና በዒላማ አስተካክሉ፤ ዒላማ ላይ ያለው ቦታ ወደላይም ወደታችም ሊሸሽ ይችላል። ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ካለ አሥር ጥይት አሳልፉበት፤ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አፈሙዞች 50 ጫማ በሰከንድ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከእናንተ ጠመንጃ ልኬት በኋላ ነው የሚመጡት።