የፔኒሲሊን መዝገብ በመሀል አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ

ሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ባክቴሪያ ሰበብ ሆኖ የልብ ቫልቭ፣ ማለትም የደም መተላለፊያ በር፣ የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለበት በጥቁር አንበሳ ተነግሮት ወደ ሰፈሩ የሚመለስ ወጣት፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። መርፌው የተጎዳ ቫልቭ አይጠግንም፤ የጉሮሮው ባክቴሪያ ተመልሶ ቫልቩን የባሰ እንዳይጎዳው ይከላከላል። አንድ ወር ሲዘለል መከላከያው ይሳሳል። ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከመዝገብ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ መክረው ይህን ሕመም ከአፍሪካ ለማጥፋት ካወጧቸው ሰባት ነጥቦች አንደኛው መዝገብ፣ ሁለተኛው ጥራት ያለው ፔኒሲሊን ነበር። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው።

ለያንዳንዱ ታካሚ አንድ ገጽ ሰጠሁ፦ ስም ከነአያት፣ ክብደት፣ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት፣ የራሱና የአንድ ዘመድ ስልክ፣ መርፌው የሚያበቃበት ዓመት። ቫልቩ ተጎድቶ የቀረ ሰው ከመጨረሻው የሩማቲክ ትኩሳት (ከጉሮሮ ሕመሙ በኋላ ተነሥቶ ቫልቩን የሚጎዳው ትኩሳት) በኋላ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው ይወጋል፤ የሚረዝመው ይያዛል።

ቀጠሮ በወሩ ቀን አይሰጥም። «በየወሩ በ12» ከተባለ ልዩነቱ 30 ቀን ነው፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜ ገብታ 35 ታደርሰዋለች፣ አንዳንዴም 36። እኔ በዕለት አስራለሁ፦ ማክሰኞ የጀመረ በየ28 ቀኑ ማክሰኞ ይመጣል። የቀረ ሰው በማግስቱ ጠዋት ይደወልለታል፤ ካልተነሣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ትሄዳለች።

መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ ከ30 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600,000። ዱቄቱ በደንብ ካልተበጠበጠ መርፌውን ይደፍነዋል። ስለዚህ በመርፌ ውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ይወጋል፤ የቀዳንበት መርፌ ተቀይሮ አረንጓዴው፣ 21 ጌጅ (የመርፌው ውፍረት ቁጥር)፣ ይገባለታል። አልኮሉ ይድረቅ፣ ቦታው ለ10 ሰከንድ በአውራ ጣት ይጫን፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ጡንቻ ውስጥ ይገፋ። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል፤ ከመግፋት በፊት መልሶ መሳብ ግድ ነው። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ከትሪው ላይ አይለይም፣ ታካሚውም ግማሽ ሰዓት ይቆያል።

ብዙ ሰው መርፌውን የሚያቋርጠው በፍርሃት ነው። በዐቢይ ጾም ምንም ሳይቀምስ የመጣ ሰው ሲያመው ራሱን ይስታል፤ ካርዱ ላይ በስህተት «አለርጂ» ተብሎ ይጻፍና መርፌው ይቀራል። ይህ በሰው ልብ ላይ መፍረድ ነው። ጾመኛውን ቀምሶ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንዲመጣ እቀጥረዋለሁ፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተኝቶ ይወጋል። ጠበል የሚገባውንም አላስተውም፤ የንስሐ አባቱ «መድኃኒቱንም አትተው» ካሉት ቀጠሮውን ያከብራል።

ቫልቩ ክፉኛ የጠበበ ወይም ተጋድሞ መተንፈስ የሚያቅተው ሰው ግን ይለያል። በመርፌው ወቅት ልቡ ሊደክም ስለሚችል በልብ ሐኪሙ ውሳኔ ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይውጣል። መርፌ ከገበያ ሲጠፋም ሌሎቹን የማሻግረው በዚሁ ክኒን ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሁለት ወር ፍጆታ ሲቀር ነው አዲስ የምጠይቀው።

ነፍሰ ጡሮች መርፌውን አያቋርጡም፤ ፔኒሲሊን ፅንሱን አይጎዳም። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የምትወስድ ሴት ግን ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት። ይህን በገጿ ላይ በቀይ እጽፈዋለሁ።