ጌታዬ፣ እጀታውን!

ዕድሜዬን በሰርጓጅ መርከብ ጨርሼ ጡረታ እንደወጣሁ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሚሳይልና ስለ ኒውክሌር ነው። «አያስፈራም ወይ?» ይሉኛል። ያስፈራል እንጂ! እኔን ግን በዚያ ሁሉ ዘመን እንደ ሽንት ቤታችን ያስፈራኝ ነገር የለም።

አትሳቁ። ባሕር ውስጥ ጠልቆ መጸዳዳት ሙያ ይጠይቃል። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የውሃው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር፣ ማለትም የብስ ላይ አየሩ በሚጫነን ልክ፣ ይጨምራል። 100 ሜትር ላይ ስትደርሱ፣ ውጭ ያለው ውሃ ውስጥ ካለው አየር ከ10 እጥፍ በላይ ይገፋል። ስለዚህ ቆሻሻ ዝም ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል። ታንኩ ሲሞላ የታመቀ አየር ይለቀቅበታል። የአየሩ ጉልበት ከባሕሩ ሲበልጥ ጉዱ ሁሉ ተገፍቶ ይወጣል። ይህን እኛ «መንፋት» እንለዋለን። ታንክ በሚነፋበት ሰዓት በእናንተና በታንኩ መሃል ያለችው ከመቀመጫው ሥር የተገጠመች አንዲት ቫልቭ ብቻ ናት። ቫልቯ ደግሞ በእጀታ ትከፈታለች። ያን ሰዓት እጀታዋን የነካ አለቀለት።

ነገሩ ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1945 ዩ 1206 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ ስኮትላንድ አጠገብ የሰጠመችው ከሽንት ቤት በተነሳ ጣጣ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዲሠራ ተብሎ የተገጠመው አዲስ መጸዳጃ የባሕር ውሃ አስገባ። ውሃው ታች ወዳሉት ባትሪዎች ደረሰና የክሎሪን ጋዝ ተፈጠረ። ሰዎቹ ሳይወዱ በግድ ወደ ላይ ወጡ። ላይ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደረሰባቸው። ይህን ታሪክ ለአዲስ ገቢ ሁሉ እንነግራለን። ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ይረሳዋል።

አንድ ጊዜ አዲስ መኮንን ተመደበልን። ገና ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ልብሱ ከነመስመሩ የተተኮሰ፣ ጨዋ ልጅ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ በማዕረግ ግን አለቃዬ ነው። እኔ «ጌታዬ» እለዋለሁ፣ እሱ አፍሮ አንቱ ይለኛል። እንዲህ ተከባብረን እንኖር ነበር።

ያኔ የእኛ ቀን 18 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ፈረቃ፣ 12 ሰዓት «ዕረፍት»። ዕረፍቱ ጥናት፣ ጽዳት፣ ጥገናና ልምምድ ነው፤ ከተረፈ ይተኛል። ፀሐይ የለ፣ መስኮት የለ። መንጋቱን የምናውቀው ወጥ ቤቱ እንቁላል ሲጠብስ ነው። ስለዚህ ልጁ ከፈረቃ ወጥቶ ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ መጸዳጃ ቢያመራ አልፈርድበትም።

እኔ እዚያው ክፍል ተንበርክኬ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እጠግናለሁ። መቀመጫው ያለበት ጠባብ ክፍል በር ላይ «ታንክ እየተነፋ ነው፣ አትንኩ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ልጁ ሰሌዳውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ገባ።

«ጌታዬ!» አልኩ።

«አንድ ደቂቃ፣ አሁን እወጣለሁ» አለኝ። ወረፋ የያዝኩ መስሎታል።

ተነስቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። «ጌታዬ፣ እጀታውን...!»

መጀመሪያ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ጉርምርምታ። ከዚያ በሩ ወደ ውጭ ተበርግዶ ጣሪያው ላይ የማልገልጸው ነገር ተለጠፈ። ጢሱ ሲገፈፍ መኮንኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማንነቱ አይለይም። ሁለት ዓይኖች ብቻ ፍጥጥ ብለው ያዩኛል። ግራ ጆሮው ላይ የሽንት ቤት ወረቀት ተለጥፏል። እኔስ? አፌን ከፍቼ እየጮህኩ እንደነበር አትርሱ። ከዚህ በላይ አታናግሩኝ።

ልጁ ወረቀቱን ከጆሮው ላይ በቀስታ አነሳና በትሕትና «ምን ሊሉኝ ነበር?» አለኝ።

የብስ ላይ ቢሆን መስኮት ይከፈታል። እኛ ግን አየራችንን ራሳችን ነን የምንሠራው። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቀን ኦክስጅኑን እንተነፍሳለን፣ ሃይድሮጅኑን ወደ ባሕር እንለቃለን። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አሚን የሚባል ኬሚካል ይመጠዋል። የአሚኑ ጠረን ራሱ ልብስ ላይ ሙጭጭ ስለሚል፣ ከጉዞ ስመለስ ባለቤቴ ዩኒፎርሜን በር ላይ ነው የምታስወልቀኝ። ለዚያን ቀኑ ሽታ ግን መሣሪያ አልተሠራለትም። የአየር ማዘዋወሪያው ማዕረግ ሳይመርጥ ከቶርፒዶ ክፍል እስከ ሞተር ክፍል አዳረሰው። ወጥ ቤቱ የመመገቢያ አዳራሹን በር ዘግቶ በቀዳዳ «ምግብ እዚያው ይላክላችኋል» አለን።

በመጨረሻ ካፒቴኑ ራሳቸው መጡ። የእኛ ሻወር ሕግ አለው፦ ውሃ ክፈት፣ እርጠብ፣ ዝጋ፣ ሳሙና ተቀባ፣ ክፈት፣ ተለቅለቅ፣ ውጣ። ሕጉን የጣሰ ወዮለት። ካፒቴኑ ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። አልተቆጡም። አፍንጫቸውን እንደያዙ «ውሃ የፈለጋችሁትን ያህል ተጠቀሙ» ብለው ፈጥነው ሄዱ። ብዙ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ እንደዚያ ሻወር የሚሆን ሽልማት ግን አላገኘሁም።

ሌላም ትርፍ ነበረው። አልጋ ስለሚያንሰን በፈረቃ ነበር የምንተኛው። አንዱ ሲነሳ ሌላው የሞቀውን ይወርሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ተጋሪዬ ፍራሹን ይዞ ቶርፒዶዎቹ መሃል መተኛት ጀመረ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እዚያ ይነፍሳል» አለኝ። ሰርጓጅ ውስጥ!

ልጁ ግን ጠንካራ ነበር። የሰርጓጅ ባለሙያነት ማረጋገጫ የሆነችውን የዶልፊን ምልክት ደረቱ ላይ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው የመርከቧን ሥርዓቶች አንድ በአንድ ማጥናት አለበት። ቧንቧውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ አየሩን፣ ሁሉን በቃሉ ሥሎ ያስረዳል፤ ባለሙያው ካመነበት ይፈርምለታል። ልጁም ሌሊቱን ሁሉ ሲያጠና ከረመ። የፈተናው ዕለት በኤሌክትሪኩ ላይ አፋጠጡት፣ በሃይድሮሊኩ ላይ አላበው። መጨረሻ ላይ የመጸዳጃው ታንክ ተራ ደረሰ። ልጁ ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ፈታኙ ቀና ብሎ አየው። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ፈረመለት።